ፉከራው ረዘመ፣ ውጊያው መኪና ማቆሚያ ላይ ቀረ፦ ስለ «ግላስ»

አስቀድሜ ልናገር። ፊልሙን ያላያችሁና ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። መጨረሻውን ሳላወራ ይሄን ፊልም መተቸት አልችልም፤ የተናደድኩት በመጨረሻው ነዋ።

«ግላስ» መጥፎ ፊልም አይደለም። መጥፎማ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም፣ አጥፍቼ እተኛ ነበር። የሚያበሽቀው ጥሩ መሆን እየቻለ መቅረቱ ነው። ሦስት የማይናቁ ተዋንያን አሉት። ከኋላው ሁለት ደህና ፊልሞች አሉ። ታሪኩ 19 ዓመት የቆየ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ ይነሳና መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ይጀምራል። ያወራል፣ ያወራል፣ አንዲት ሐኪም እነዚያን ሦስት ሰዎች ፊቷ አስቀምጣ ስታስረዳ ስታስረዳ ትቆይና እኛ ደግሞ እዚህ ሆነን «ኧረ በናታችሁ ተነሱና ተደባደቡ» እንላለን።

ከመነሻው ልጀምር፤ የፊተኞቹን ሁለት ሳያዩ ይሄን መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

በ2000 ኤም ናይት ሺያማላን «አንብሬከብል»ን ሠራ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ብሩስ ዊሊስ ፊላደልፊያ ውስጥ ስታዲየም የሚጠብቅ፣ ዴቪድ ደን የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። የተሳፈረበት ባቡር ከሐዲዱ ይወጣና ተሳፋሪው ሁሉ ሲያልቅ እሱ ብቻውን ይተርፋል፣ ያውም ጭረት እንኳ ሳይነካው። ከዚያ ኤላይጃ ፕራይስ የሚባል ሰው አፈላልጎ ያገኘዋል። ይሄኛው ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው። አጥንቱ በትንሽ ነገር ስብርብር የሚልበት በሽታ ይዞ የተወለደ፣ ልጅ ሆኖ «ሚስተር ግላስ» እያሉ ያሾፉበት የነበረ ሰው። የኤላይጃ ሐሳብ ቀላል ናት፦ እኔ ዝም ብዬ የምሰበር ከሆነ በሌላኛው ጫፍ ጨርሶ የማይሰበር ሰው መኖር አለበት። ያን ሰው ለማግኘት ሲል ባቡሩን የገለበጠው ራሱ ኤላይጃ መሆኑን የምናውቀው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው።

እዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ዴቪድ ቤት ምድር ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ክብደት ያነሳል። ትንሹ ልጁ ጆሴፍ ብረቱን ይጭንለታል። አባት ሲያነሳው ይገርመዋል፣ በጣም ከበደ፣ ትንሽ ቀንስልኝ ይላል። ልጁ ይነካካና እሺ ይላል። አባት ደግሞ ያነሳዋል። ስንት ቀነስክ ሲለው ለካ ልጁ አልቀነሰም፣ ጨምሮበታል። ከዚያ ብረቱ አልቆ የቀለም ጣሳ ያንጠለጥላሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። ማንም አይበርም፣ ሕንፃ አይፈርስም። አባትና ልጅ እየተያዩ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ሳይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። የሱፐርሂሮ ፊልም እንዲህም ይሠራል እንዴ ያስባለኝ እሱ ነው።

በ2016 ደግሞ «ስፕሊት» መጣ። ጄምስ ማካቮይ ኬቨን የሚባል ልጅ ነው፣ ውስጡ 23 ሰው የሚኖርበት፣ 24ኛው ደግሞ «አውሬው» የሚባል፣ ግድግዳ የሚወጣና ጥይት የማይበግረው። ሦስት ሴት ልጆች ጠልፎ ምድር ቤት ይዘጋባቸዋል። ሲጀመር ከዴቪድ ደን ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ልክ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰዎች ዜና እያዩ ሲያወሩ ካሜራው ዞር ይልና ብሩስ ዊሊስ ቁጭ ብሏል። በቃ! ለካ አንድ ዓለም ነው። የማይሰበረው፣ የሚሰበረውና አውሬው አንድ ቀን ሊገናኙ ነው።

እንግዲህ የእኛም ልብ እዚያች ምግብ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ግላስ» የወጣው በጥር 2019 ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጠብቀህ ስትቀርብ ፊልሙ ደህና መሆኑ ብቻ አይበቃህም።

እኛ ያየነው ዘግይተን ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ቤት። በታኅሣሥ ማታ እዚህ ከተማ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ ሊኖር አይችልም። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ስለዚህ ጋቢ መደረብና ፊልም ማየት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ሦስቱንም በፍላሽ አስጭኖ መጣ። ሰፈር ፊልም የሚጭነው ልጅ «የመጨረሻው እንኳን ይቅርብህ» ብሎት ነበር አሉ። ማን ይሰማዋል። ሁለቱን ጨርሰን ልባችን ተሰቅሎ ነው ሦስተኛውን የከፈትነው። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ነበር፤ በጣም ያልተቆጨሁበት የመብራት መሄድ እሱ ነው።

አጀማመሩ ያምራል፣ እውነት ለመናገር። ዴቪድ አርጅቷል። ከልጁ ጋር የጥበቃ ካሜራና የበር ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቷል፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቺን አረንጓዴ የዝናብ ልብስ አጥልቆ ወንጀለኛ ያድናል። ጆሴፍን የሚጫወተው ስፔንሰር ትሪት ክላርክ ነው፤ በ2000 ትንሽ ልጅ ሆኖ ብረቱን የጨመረው ያው እሱ፣ አድጎ ጎርምሶ። ይሄ በሜካፕ የማይገኝ ነገር ነው። አባቱን የሚያይበት ዓይን ራሱ አልተለወጠም። ኬቨን ደግሞ ሌሎች ልጃገረዶች አስሮ ፋብሪካ ውስጥ ደብቋል። ዴቪድ መንገድ ላይ ገጨት ሲያደርገው ያውቀዋል፤ ሰው ሲነካ የሠራውን ክፉ ነገር ማየት ይችላል። ሄዶ ልጆቹን ያስፈታና ሁለቱ ይያያዛሉ። ጠረጴዛ ይሰበራል፣ በመስኮት አብረው ይወጣሉ። የአክስቴ ልጅ ከተቀመጠበት ተነስቶ ነበር።

ወዲያው ፖሊስ ይከባቸዋል። ሁለቱም የአእምሮ ሆስፒታል ይገባሉ። ኤላይጃም ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያው ነው። እና ፊልሙ እዚያ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። መቀመጥ ብቻ አይደለም፣ ሥር ይሰዳል።

ሐኪሟ ዶክተር ኤሊ ስቴፕል ትባላለች፣ ሳራ ፖልሰን ናት። ሥራዋ «እኔ ሱፐርሂሮ ነኝ» ብለው የሚያምኑ ሰዎችን ማከም ነው። ሦስቱን ሮዝ ቀለም የተቀባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በመደዳ ታስቀምጥና ልዩ ኃይል የላችሁም፣ የመሰላችሁ ነገር ነው ትላቸዋለች። ለሁሉም መልስ አላት። የጎበጠው ብረት ያረጀ ነው። ጥይቱ የቆየ ነው። ወንጀለኛውን ያወቅኸው ነክተኸው ሳይሆን አለባበሱን አይተህ ነው። ረጋ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ በአዛኝ ድምፅ። ሴትየዋ ትወናዋ አይወቀስም።

የፊልሙ ትልቁ ስህተት ግን እዚህ ጋ ነው ያለው።

ልብ የሚንጠለጠለው የማናውቀው ነገር ሲኖር ነው። ሐኪሟ የምትጠይቀው ጥያቄ፣ «እውነት ኃይል አላቸው ወይስ በሽታ ነው?» የሚለው፣ ግሩም ጥያቄ ነው። ግን እኛ መልሱን እናውቀዋለን! ሁለት ፊልም ሙሉ ስናይ ነበር። ዴቪድ ከባቡሩ ሲወጣ አይተናል። አውሬው ግድግዳ ላይ ሲሮጥ፣ ጥይት ደረቱ ላይ ሲቀር አይተናል። ገና አሁን በፋብሪካው ሲደባደቡ አይተን መጣን። ታዲያ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሙሉ «ምናልባት እኮ ውሸት ይሆናል» ስትለን ማንን ልታሳምን ነው? ጥርጣሬው እኛ ጋ ስለማይደርስ ሁሉም ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ጥያቄ «አንብሬከብል» ላይ ሠርቷል፤ ያኔ እኛም አናውቅም፣ ዴቪድም አያውቅም። ያንኑ ጥያቄ ከ19 ዓመት በኋላ ለማያምን ሰው ሳይሆን ላመነ ሰው ይዞ መምጣት ግን ምን ይባላል።

ይባስ ብሎ ዴቪድ ያምናታል። ሰው ነክቶ ኃጢአቱን የሚያይ ሰው እኮ ነው። ስንት ዓመት ዝናብ ልብሱን ለብሶ የዞረ። በሁለት ንግግር «እውነት ተሳስቼ ይሆን» ብሎ አንገቱን ይደፋል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ጋ ተበሳጭቶ «አንዴ እጇን ጨብጣትና ፊልሙ ይለቅ» አለ። ልክ ነው። አንዴ ቢነካት ማን እንደሆነች ያውቃል። ይሄ ነገር ለጸሐፊው ያልታየው ይመስለኛል፣ ወይም ታይቶት እንዳላየ አልፎታል።

የጥበቃውን ነገርማ ተዉት። ዓለምን ያንቀጠቀጡ ሦስት ሰዎች የታሰሩበት ግቢ ነው፣ ማታ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሠራተኛ ብቻ ይዞራል። እኛ አገር የጤፍ መጋዘን እንኳ ከዚህ የተሻለ ይጠበቃል። የዴቪድ ክፍል ውኃ የሚረጭ ቧንቧ አለው፣ ድክመቱ ውኃ ስለሆነ። የኬቨን ክፍል ደግሞ ብልጭ የሚል መብራት አለው፣ ሲበራበት ያለው ሰው ይሄድና ሌላው ይመጣል።

የመብራቷን ነገር ካነሳሁ ስለ ማካቮይ ሳላወራ አላልፍም። ይሄን ፊልም ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ልጅ ሲባል ነው። መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ አንገቱ ወደ ጎን ይሰበራል፣ ከንፈሩ ይንጠለጠላል፣ 9 ዓመቱ ሄድዊግ ይሆናል። ብልጭ፣ ወገቡ ይቀናል፣ እጁን አጣምሮ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ፓትሪሺያ የምትባል ክብሯን የምትጠብቅ ሴት ይሆናል። ብልጭ፣ ፊቱ ይኮሳተራል፣ ዴኒስ። ልብስ አይቀይርም፣ ፀጉር የለውም፣ ካሜራውም አይቆረጥም። ፊቱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ሰው ሳይነግራችሁ አሁን የመጣው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ መብራቱ በተደጋጋሚ ሲበራበት አምስት ስድስት ሰው በአንድ ትንፋሽ ይመጣል ይሄዳል። እዚያ ጋ ቤቱ ጸጥ አለ።

አክስቴ ቡና ይዛ መጥታ ነበር፣ ቆማ አየችው። «ምነው ይሄን ልጅ ሸንኮራ ዮሐንስ ቢወስዱት?» አለች ከልቧ አዝና። ልጇ ሳቀ። «እማዬ ፊልም እኮ ነው።» «ፊልምም ቢሆን የሰው ልጅ ነው» አለችው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከሷ ወገን ነኝ። «ስፕሊት»ም «ግላስ»ም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው አውሬ አድርገው ማሳየታቸው ሲያስወቅሳቸው የቆየ ነገር ነው፣ ደግሞም ያስወቅሳል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፣ ገዳይም አይደሉም፣ ይልቅ ራሳቸው የተጎዱ ናቸው። አውሬውን ሳይሆን ኬቨንን፣ እንደ ሰው የምታየው ፊልሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ኬሲ፣ «ስፕሊት» ላይ ተጠልፋ የተረፈችው፣ አንያ ቴይለር ጆይ የምትጫወታት። እሷም ብዙ ቦታ አልተሰጣትም። መጥታ እጁን ትይዘዋለች፣ ስሙን ትጠራዋለች፣ ትሄዳለች።

ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ደግሞ ፊልሙ በስሙ የተሰየመ ሰው ነው፤ ግማሹን ያህል ግን ዊልቸር ላይ ተቀምጦ አፉን ሳይከፍት ይቆያል። መድኃኒት አደንዝዞታል ይባላል። ዓይኑ ብቻ ትንሽ ይርገበገባል። ጃክሰንን የሚያህል ምላሱ የሰላ ተዋናይ አምጥቶ ዝም ማሰኘት ድፍረት ነው። እኔ መጀመሪያ ወደድኩት፣ ምክንያቱም እያስመሰለ እንደሆነ ይታወቃል፣ መቼ ይነሳል እያልክ ትጠብቃለህ። እውነተኛው ልብ መንጠልጠል ያለው እዚህ ጋ ነበር። ሲነሳ ግን ሰዓቱ ሄዷል። እናቱን የምትጫወተው ሻርሌን ውዳርድ ናት፣ በ2000ውም የነበረችው። በነገራችን ላይ በዕድሜ ከ«ልጇ» 5 ዓመት ታንሳለች፤ በሜካፕ አርጅታ እንኳ እንደ እናት ታምናታለህ። ከመጀመሪያው ፊልም ተቀርጾ ሳይገባ የቀረ አንድ ትዕይንትም አስገብተዋል፣ ኤላይጃ ልጅ ሆኖ የመዝናኛ ማሽን ላይ ወጥቶ የሚጎዳበት። በጣም ያማል። ከአዲሱ ቀረጻ ይልቅ 19 ዓመት መሳቢያ ውስጥ የቆየው ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ብሩስ ዊሊስ ዝም ብሏል። ሁልጊዜም ዝምተኛ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ግን የመጀመሪያው ዝምታ የሚናገር ዝምታ ነበር፣ ይሄኛው የተሰጠው ሥራ ስለሌለ ነው። ሰውየው በ2022 በሕመም ምክንያት ትወና ማቆሙ ስለተነገረ አሁን ሲያዩት ሆድ ያባባል። ጥሩ ስንብት ይገባው ነበር፣ ዴቪድ ደንም፣ ዊሊስም።

ወደ መጨረሻው ልምጣ።

ኤላይጃ ይነሳና አውሬውን ያስፈታል፣ ዕቅዱን ይናገራል። ኦሳካ ታወር የሚባል በከተማው ረጅሙ ሕንፃ ሊመረቅ ነው። እዚያ ሄደው ሕዝብ ፊት፣ ካሜራ ፊት፣ አውሬውና ዴቪድ ይፋለማሉ። ዓለም ሁሉ ያያል። ሕንፃውን በመስኮት ያሳዩናል፣ በቴሌቪዥን ያሳዩናል፣ ስሙን ደጋግመው ያነሱታል። የአክስቴ ልጅ ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። እኔም።

ከሆስፒታሉ በር ወጡ። ሣሩ ላይ ተያያዙ። አንድ ሚኒባስ አለ፣ ውኃ የያዘ ታንከር አለ፣ ጥቁር የለበሰ ልዩ ኃይል መጣ። ካሜራው ፊታቸው ላይ ይለጠፍና ማን ማንን እንደሚመታ በቅጡ አይታይም። እሺ ይሄ መሟሟቂያ ነው፣ አሁን ወደ ሕንፃው ይሄዳሉ አልን። አይሄዱም። ያለቀው እዚያው ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ።

እዚህ አገር ፉከራ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። መንዝና ተጉለት የተወለደ ሰው ዘራፍ ሲባል ደሙ ይሞቃል፣ ግን ፎክሮ የተነሳ ሰው ደጃፉ ላይ ደርሶ ቢመለስ ምን እንደሚባልም ያውቃል። ፊልሙ ያደረገው ይሄንን ነው። ስሙን ጠራ፣ አገር ምድሩን አስጠራ፣ ጎራዴውን መዘዘ፣ ከአጥሩ ሳይወጣ ተቀመጠ።

የገንዘቡ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ሺያማላን ይሄን ፊልም የሠራው በራሱ ገንዘብ ነው፣ 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። «አንብሬከብል» በ2000 እንኳ 75 ሚሊዮን ፈጅቷል። አብዛኛውም የተቀረጸው ፔንስልቬንያ፣ አለንታውን ውስጥ ባለ የተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ሕንፃ ማፍረሻ አልነበረውም፣ እሺ። ሰውየው ቤቱን አስይዞ ፊልም መሥራቱን አከብራለሁ፤ ከኪሳራም ወጥቷል፣ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ 247 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል። ግን ገንዘብ ከሌለህ ስለ ረጅም ሕንፃ አታውራ። የመጀመሪያው ፊልም የቀለም ጣሳ አንጠልጥሎ ልባችንን አቁሞ ነበር፤ ታወር ማን ጠየቀው?

እንግዲህ ወሽመጤን የቆረጠው ቦታ። አውሬው ዴቪድን ውኃው ታንከር ውስጥ ይከተዋል። ዴቪድ ይዳከማል፣ ታንከሩ ተሰብሮ ይወጣል፣ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። ከጎኑ አስፋልቱ ተቦርቡሮ የተሠራች ጉድጓድ አለች፣ ውኃ አቁራለች። የኛ ከተማ መንገድ ላይ ክረምት ሲገባ የምትዘሏት ዓይነት ናት፣ የጫማ ጫፍ የምታረጥብ። ስሙ እንኳ የማይታወቅ አንድ ታጣቂ መጥቶ ራሱን ይይዝና ፊቱን እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ይደፍቀዋል። ሞተ። ዴቪድ ደን ሞተ።

ከቪዲዮ ቤት ጀምሮ የምናውቀው ሕግ አለ፣ አክተር አይሞትም። እኔ ግን አክተሩ ሞተ ብዬ አልተናደድኩም። ይሙት። ጥሩ ሞት ከተሰጠው ሕጉን ቢጥስ ይመረጣል። አሟሟቱ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ዴቪድ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሸራው ሲጠቀልለው፣ ወደ ታች ሲሰጥም ያየ ሰው ውኃ ለዚህ ሰው ምን እንደሆነ ሰውነቱ ያውቀዋል። ያዳናቸው ሁለት ልጆች ዘንግ ሲዘረጉለት ነው የተረፈው። ያን የመሰለ ትዕይንት የሠራ ዳይሬክተር እዚህ ጋ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው ወይስ ቸኩሎ? ልጁ ጆሴፍ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ያ ብረት የጨመረ ልጅ። አባቱ ሲሞት አንዲት ቃል የሚለዋወጡበት ጊዜ እንኳ አልተሰጣቸውም።

አክስቴ ስኒ እየሰበሰበች ዞር ብላ «ይሄ ነው እንዴ አክተሩ?» አለች።

«እሱ ነው እትዬ» አልኳት።

«በዚች ውኃ?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ደግሞ ሐኪሟ ሐኪም ብቻ እንዳልሆነች ይነገረናል። እጃቸው ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ምልክት የተነቀሱ ሰዎች አሉ፣ ልዩ ኃይል ያለው ሰው ሲነሳ ጥሩም ይሁን ክፉ እየተከታተሉ የሚያጠፉ፣ ከጥንት ጀምሮ ያሉ። ይሄን የምንሰማው ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሦስት ፊልም ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጥላቸውን አላየንም! ቀደም ብለው ቢያሳዩን እኮ ያ ሁሉ የሆስፒታል ወሬ ነፍስ ይዘራ ነበር፤ ሴትየዋ ስታወራ «ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው» እያልን ወንበሩን ጨብጠን እንቀመጥ ነበር። ምስጢሩን ከእኛ ደብቀው ለማስደነቅ ሲሉ ልብ የሚያንጠለጥለውን ነገር ራሱን ደበቁት።

የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ኤላይጃ እናቱ አጠገብ ይሞታል፣ ግን ለካ ታወሩ ማዘናጊያ ነበር። ያሰበው የሆስፒታሉ ካሜራዎች ውጊያውን እንዲቀርጹና ቪዲዮው ለዓለም እንዲለቀቅ ነው። የተረፉት ሦስቱ፣ ጆሴፍ፣ ኬሲና የኤላይጃ እናት፣ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብለው ሰዉ ስልኩን ሲያይ ያያሉ። ስለዚህ ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች «መኪና ማቆሚያው ሆን ተብሎ ነው፣ ቁም ነገሩ ውጊያው ሳይሆን መታየቱ ነው» ይላሉ። ሐሳቡ ገብቶኛል፣ እንዲያውም በወረቀት ላይ ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ሆን ተብሎም ቢሆን ያው ያየሁት የደከመ ውጊያ ነው። ደግሞ ዛሬ ስልክ ላይ ሰው መኪና ሲገለብጥ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቶ «ኤዲት ነው» የማይል ማን አለ? ደብረ ብርሃን መነኻሪያ ቆማችሁ ብታሳዩት የመጀመሪያው ሰው የሚላችሁ እሱን ነው። ዓለም ተለወጠ ብሎ እንባ ለማውጣት የሚበቃ አይደለም።

ቀለሙ ግን ተዋጥቶለታል፣ ይሄን ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። ዴቪድ አረንጓዴ፣ ኤላይጃ ሐምራዊ፣ ኬቨን ቢጫ። ልብሳቸው ብቻ ሳይሆን ደጋፊዎቻቸውም የዚያኑ ቀለም ይለብሳሉ። ሐኪሟ ስትገባ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛ የማየት ትዕግሥት ያለው ሰው ይሄን ቢከታተል ይደሰታል።

ስለ ኮሚክ መጽሐፍ፣ ማለትም የሱፐርሂሮ ታሪክ በሥዕል ስለሚነገርበት መጽሐፍ፣ ያለው ማብራሪያ ግን አሰልቺ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በውጊያው መሀል ቆመው «ይሄ እኮ በኮሚክ ላይ እንዲህ ይባላል» እያሉ ያስረዳሉ። እኛ ኮሚክ እየገዛን አላደግንም፣ ስለዚህ ቀልዱም ምስጢሩም ያልፈናል፤ ግን ያደገበትም ሰው ቢሆን ሰው እየሞተ ትምህርት መስማት የሚፈልግ አይመስለኝም።

ለማየት ለምትፈልጉ ሁለት ነገር። የትርጉም ቅጂውን አትጫኑ። ለአክስቴ ብለን ትንሽ ከፍተነው ነበር፣ አንድ ሰው በላዩ ላይ ሲተርክ ሄድዊግም ፓትሪሺያም ዴኒስም አንድ ድምፅ ሆኑ፤ የማካቮይ ሥራ ድራሹ ጠፋ። እንግሊዝኛው ባይገባችሁ እንኳ ድምፁን ስሙት፣ ከታች ጽሑፍ ካለው የተሻለ። ሁለተኛ፣ በቅደም ተከተል እዩ፦ «አንብሬከብል»፣ «ስፕሊት»፣ ከዚያ ይሄ። በአንድ ማታ አታድርጉት፣ ይሄ ብቻውን 129 ደቂቃ ነው።

ፍላሻችሁ ላይ ቦታ ከጠበበ ግን የፊተኞቹን ሁለት ጭናችሁ ይሄን ተዉት። ምግብ ቤቱ ውስጥ ብሩስ ዊሊስ ቁጭ ብሎ ሲታይ ያቁሙ፣ ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት። የአክስቴ ልጅ አሁን የራሱን መጨረሻ ፈጥሯል፣ ውጊያው ታወሩ ጣራ ላይ ነው፣ ጆሴፍም አለበት። ሲያወራው ሰማሁት፤ ከሺያማላን ይሻላል።